ጡሩንባ ለማይሰማው ባለቤቴ በቃል የተነገረው የሠላሳ ቀን ትእዛዝ

ለክቡር የድንጋይ ማውጫው ድርጅት የጉዳት ካሳ ጉዳይ ሹም
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ ይልቁንም የሁለቱን ጆሮዎችዎን ደህንነት፣ እንዲሁም የእመቤትዎንና የልጆችዎን ሰላም በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ወለተሩፋኤል እባላለሁ፤ አባቴ መሪጌታ ነበሩና ከወንድሞቼ ጋር ፊደል ቆጥሬአለሁ። ባለቤቴ አቶ ባዬ ሐዲስ በድርጅትዎ የኮሶዬ ድንጋይ ማውጫ ድማሚት ሲያፈነዳ ኖሮ መስማት የተሳነው ሰው ነው። የካሳ ጥያቄው ጊዜ አልፎበታል ተብሎ ከተመለሰ ወዲህ የጻፍናቸው ደብዳቤዎች መልስ ቢያጡ፣ ክቡርነትዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውናል ብዬ አልጠረጠርሁም፤ ሥራ ቢበዛብዎ ነው ብዬ ይህችን እንዲያወጡልኝ የጋዜጣውን ሰዎች ለመንሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማስታወቂያው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጆሮው የተጎዳ ሠራተኛ ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ያመልክት፣ ካለፈ ግን መብቱ ይቀራል የሚለውን ትእዛዝ የሥራው አለቃ ድንጋይ ክምር ላይ ቆመው በቃል አስነገሩት። ለደንቆሮ፣ በቃል። የአዋጁን በጆሮ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ጆሮ ለሌለው አዋጅ ሲነገር ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው። ባዬ ሌሎቹ እጅ ሲነሡ አይቶ የንጉሥ ቃል የተነበበ መስሎት እርሱም ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ባላገር ነውና አዋጅ ፊት ተገትሮ አይቆምም። ቤት ገብቶም ሸጋ ነገር ሳይታወጅ አልቀረም ብሎ አጫወተኝ። ጓደኞቹም እጅ ሲነሣ ስላዩት ሰምቷል ብለው ዝም አሉ፤ ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ከገበያ ነው። የጽሕፈት ቤትዎ መልስ ታዲያ አመልካቹ ትእዛዙን ቆሞ መስማቱንና እጅ ነሥቶ መቀበሉን አለቃው መስክረዋል ይላል። ምነው ክቡር ሆይ፣ ለአዋጅ የሰጠው ክብር ምስክር ሆኖ ይምጣበት?

ሁለተኛ፤ ይግባኝ ብለን ጎንደር ድረስ ወርደን ደጅ በጠናን ጊዜ፣ ዘበኛዎ ሴት አትገባም ብሎ እኔን ከበር ውጭ ስላስቀረልዎ አመሰግናለሁ፤ ገብቼ ቢሆን ነገር አበላሽ ነበር። ተላላኪው የባለቤቴን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ አሉ። ባዬ ከአጠገቡ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰውየው አፉን ሲከፍት ባየው ቁጥር ሰላም ያለው መስሎት በፈገግታ ራሱን ዝቅ ያደርግ ነበር። በመዝገቡ ላይ ግን ተጠርቶ አልቀረበም ተብሎ ተጻፈበት።

ሦስተኛ፤ መስማት ያቃተው በየትኛው ቀን እንደሆነ ባለማስረዳታችን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እግር ቢሆን በተሰበረበት ዕለት ይጮሃል፤ ጆሮ ግን እንዲያ አይደለም። መጀመሪያ የቅዳሴው ቃጭል ራቀው፤ ከዚያ የጥጃው ድምፅ፤ በመጨረሻ የእኔ። እርሱም ድምፁን እያነሣ እያነሣ ሄዶ፣ አንድ ቀን ጎረቤቶቻችን ባልና ሚስቱ ተጣሉ ብለው ሽማግሌ ይዘው መጡ። እኛ እቴ ስለ ወጡ ጨው ነበር የምንነጋገረው። ሽማግሌዎቹን አብልተን መርቀውን ሄዱ፤ እኔ ግን የዚያን ዕለት ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

አራተኛውን በማዕርጉ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ ከማዶ ድማሚቱ ሲፈነዳ ብድግ ብዬ ደጅ ወጥቼ ተመለስሁ። ክቡር ሆይ፣ ጥያቄው ጊዜ ካለፈበት ሰውየው ጤነኛ ነው ተብሎ ባዬ ገደሉ ሥር ድንጋይ እንዲለቅም ተመልሷል። ከፍንዳታው በፊት ጡሩንባ ይነፋል፤ ሰው ሁሉ ይሸሻል። ባዬ የሚሸሸው የሌሎቹን እግር አይቶ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎንበስ ብሎ ሸክሙን ሲያስር የሰዉን ሽሽት አላየም፤ ወዳጁ ወልደኢየሱስ በጋቢው ጎትቶ ባያስጥለው ኖሮ አልቆልኝ ነበር፤ እርሱ ከቆመበት ላይ የወደቀው ቋጥኝ ለአራት ሰው የሚከብድ ነበር። ሥራውን ተው፣ እኔ ፈትዬም ቢሆን እናድራለን ብዬ በእጄም በእንባዬም ለመንሁት። ከፈትል የሚገኘው እንኳን ለቤት ለመብራት ዘይት እንደማይበቃ ያውቃልና እንዲህ አለኝ፦

«አይዞሽ፤ የማልሰማው ጡሩንባውን ነው እንጂ ድንጋዩንስ እሰማዋለሁ።»

እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወልደኢየሱስ ሰኔ ሲገባ ለእርሻው ወደ ኮላ ድባ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በጋቢው የሚጎትተው ሰው የለም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ጉዳዩን እንደገና እንዲያዩት፣ እስኪያዩትም ድረስ ባለቤቴ ድማሚት ከማይፈነዳበት ቦታ እንዲውል ትእዛዝ እንዲሰጡ እለምናለሁ። የደንቆሮ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ይሉኝ እንደሆነም ይበሉኝ።

ጽሕፈት ቤትዎ በጸጥታ የተመላ፣ ወንበርዎም የረጋ ይሆን ዘንድ የምትመኝ፣ ከገደሉ ማዶ በየፍንዳታው ብድግ ቁጭ የምትል ትሑት አገልጋይዎ፣

ወለተሩፋኤል ሐብተ ማርያም
ኮሶዬ፣ ግንቦት ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

የተረሳ ነገር፦ ባል የሞተባት ሴት በስንት ቀን ውስጥ ማመልከት እንዳለባት ከአሁኑ ቢያሳውቁኝ ትልቅ ውለታ ነው። የኔ ጆሮ ደህና ነውና ቀስ ብለው ቢነግሩኝም እሰማለሁ።