የበሩ ቀዳዳና እማማ ፈዲላ

ኑርዬ፣

መኪናዋን ከማስነሳትህ በፊት ይህን አንብብ። እኔ ለሥራ ደሴ ሄጃለሁ።

የጋቢናው የቀኝ በር ላይ ያለውን ቀዳዳ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እንዳልነካት ነግረኸኝ ነበር፤ አጥፍቻለሁ። እጄ ሁሉን ያበላሻል ያልከውም አልተረሳኝም።

ግን አብሯት የመጣው ቴፕ ሞተር ሲነሳ ድምፁ በጩኸቱ ይዋጣል። ከአሰብ የመጣ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር አገኘሁና ገጠምኩልህ፤ በሩን የቀደድኩት ለአዲሱ ስፒከር ነው።

ድምፁን ከግማሽ አታሳልፈው።
ሞተር አጥፍተህ አታጫውት፣ ባትሪ ይጨርሳል።

ትናንት አንተ ሰርግ ላይ ሳለህ ስሞክረው እናትህ እማማ ፈዲላ ከአምባሰል መጡ። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ዘፈን እንደራቃቸው ታውቃለህ። ጋቢና አስቀመጥኳቸውና ካሴት ከፈትኩ። እጃቸውን በሩ ላይ፣ ስፒከሩ አጠገብ አደረጉ። ከዚያ፣ "ያ ረቢ! አሻግሬ፣ ማሲንቆው ይሰማኛል እኮ!" ብለው እየሳቁ እንባቸው ወረደ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ዛሬ ወደ ውጫሌ ስትጭን አብረውህ ሊሄዱ ነው። ጋቢናውን ለሌላ ተሳፋሪ እንዳትሰጥ። በሩን አይተህ ልትቆጣ ከሆነም እሳቸው ከወረዱ በኋላ ይሁን፤ እንደማየው ግን ቶሎ የሚወርዱ አይመስለኝም።

አሻግሬ