ያንቺ ቴሌቪዥን ይቀድማል

ውድ እማዬ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ «ደህና ነኝ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ሰሞኑን ካንቺ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል፤ አንዴ መስኮት እከፍታለሁ፣ አንዴ ስልኬን አያለሁ።

ወንድሜ ቤት ከገባሽ ወዲህ ሐሙስ ማታ የኛ ነበር። አንቺ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ ስልኩን ከፍተን ድራማችንን እናያለን። ያንቺ ቴሌቪዥን ከኔ ትንሽ ይቀድማል። እኔ ጋ ተዋናይዋ በሩን ሳትከፍት አንቺ «ውይ፣ በሞትኩት» ትያለሽ፤ እኔ ምን መጣ ብዬ ልቤ ተንጠልጥሎ እጠብቃለሁ። ስንቴ ተቆጥቼሻለሁ፤ አፍሽን መያዝ ግን አይሆንልሽም።

ድራማው ውስጥ ልጇ ቤት የምትኖረዋን አሮጊት ደግሞ አትምሪያትም ነበር። «ይቺ ሞኝ፣ እየራባት ጠግቤያለሁ ትላለች? እንግዳ ሲመጣስ ጓዳ የምትገባው ምን ሆና ነው?» ስትይ፣ ስለ ማን እንደምታወሪ ይገባኝ ነበር። ስለ ራስሽ ብጠይቅሽ «ምን ጎድሎብኝ» ነው መልስሽ። በአሮጊቷ በኩል ግን ሆድሽን ትዘረግፊዋለሽ። እኔም በማግስቱ ወንድሜ ጋ ደውዬ፣ ነገሩን ሳላነሳ፣ እማዬ ከሰው ጋር መጫወት ትወዳለች እለዋለሁ። እንዲህ እያልን እንኖር ነበር።

ከዚያ የመመረቂያ ጥናቴ መጣ። ስለ ድራማ ተመልካቾች ልጽፍ ነው ስልሽ «እኔንም ጻፊኝ» ያልሽው ራስሽ ነሽ። ተመልካች የሰጡትን ሁሉ ዝም ብሎ አይውጥም፤ የራሱን ኑሮ ይጨምርበታል፣ በቀጥታ የማይወጣውንም በገጸ ባሕሪ አፍ ይናገረዋል ብዬ ጻፍኩ። ምሳሌዬ «ተመልካች አራት» ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት በልጇ ቤት የምትኖር እናት። አማካሪዬ በጣም ወደዱት። ስምሽን ደብቄ ከዓለም ሰውሬሽ ነበር፤ ከዚያ ቤት ሰው ግን ማን ይሰውርሽ? ላኪልኝ አልሽኝ፣ ላክሁልሽ። ኮርተሽ፣ ዓይኔ አያነብልኝም ብለሽ፣ እራት ላይ ወንድሜን ጮክ ብለህ አንብብልኝ አልሽው። ምራትሽም ተቀምጣለች።

ራሱ ነው የነገረኝ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ስለመግባቷ የጻፍኩት ጋ ሲደርስ ወረቀቱን አስቀመጠው፤ ምራትሽ ያልተበላበትን ሳህን ማንሳት ጀመረች፤ አንቺ «ልጄ የራሷን ድራማ ጽፋ ነው» ብለሽ ሳቅሽ።

ከዚያ ወዲህ ስልኩን ታነሺያለሽ፣ የምትመልሺው ግን እንደ ተፈታኝ ነው። «ገጸ ባሕሪዋ በደንብ ተስላለች» ትዪኛለሽ። እማዬ፣ ይሄን ደግሞ ከማን ተማርሽው? ባለፈው ሐሙስ አሮጊቷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከልጇ ቤት ስትወጣ፣ በአንቺ በኩል ትንፋሽ እንኳ አልሰማሁም። እዚያ ቤት እንዴት እንደሆንሽ የማውቅበት መንገድ የለኝም፤ መጥፎ መጥፎውን አስባለሁ።

ዛሬ አማካሪዬ ቢሮ ሄጄ ተመልካች አራትን ላወጣት ነው አልኳቸው። ምዕራፉ ያለ እሷ ባዶ ነው፣ ምረቃሽም ወደሚመጣው ዓመት ይዞራል አሉኝ። ይዙር አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ተመልካችን ከሩቅ ማየት ልመጂ» አሉኝ። ከሩቅ ማየቱንማ ይኸው ሰሞኑን አየሁት፤ አልቻልኩበትም።

የፊታችን ሐሙስ የመጨረሻው ክፍል ነው። አሮጊቷ ሻንጣዋን ይዛ ወዴት እንደምትሄድ ይታያል። እኔ ጋ፣ መኝታ ክፍሌ ውስጥ፣ ሁለተኛ አልጋ አንጥፌያለሁ፤ ይህን የምልሽ በራሴ አፍ ነው። መምጣት ባትፈልጊም ስልኩን አንሺው። ድምፅሽን አልቀዳም፣ አልጽፍሽም፣ ቀድመሽ ነገርሽኝ ብዬም አልቆጣሽም። ያንቺ ቴሌቪዥን ይቀድማል፤ አንቺ ቀድመሽ አልቅሺ፣ እኔ ወዲያው እደርስብሻለሁ።

ድራማ ጸሐፊዋ ልጅሽ