ሁለታችሁም የምትወዱት ሾርባ ቤት

ልጄ፣ እድሜሽ ይርዘም፤ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ። እኔ በሰላም ገብቻለሁ። አባትሽ የላክሽለትን ሹራብ ለብሶ ጎረቤቱን ሁሉ ሲዞር ይውላል።

እናንተ ዘንድ በሰነበትኩበት ጊዜ እንደ እንቁላል ተጠንቅቃችሁ ይዛችሁኛል፤ ግን በየተራ ነበር። ሥራ በዝቶባችሁ መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ ወንድምሽ "እማዬ፣ ከከተማው ሁሉ የምወደውን ቦታ ላሳይሽ" ብሎ ሾርባ ቤት ወሰደኝ። ሐሙስ አንቺም ይህንኑ ብለሽ እዚያው ወሰድሽኝ። እጅሽን ልትታጠቢ ስትነሺ አስተናጋጇ፣ ያቺ የአገራችን ልጅ፣ ጠጋ አለችኝና፣

"ማዘር፣ የማክሰኞው ልጅና እሷ እህትና ወንድም ናቸው እንዴ? እሱ ጠዋት ይመጣል፣ እሷ ከሰዓት ትመጣለች። አብረው አይቻቸው አላውቅም" አለችኝ።

መኳረፋችሁ ያኔ ገባኝ። በምን እንደተጣላችሁ አልጠየቅኩም፤ አሁንም አልጠይቅም። ቅዳሜ ግን አንዳችሁ የሌላውን መምጣት ሳታውቁ ሁለታችሁንም እዚያ ቀጠርኳችሁ። ወንድምሽ ሲያይሽ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። ተመልሶ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ቀና ሳትዪ ቦርሳሽን ከጎንሽ ካለው ወንበር አነሳሽለት። እሱም መጥቶ ተቀመጠ።

ብዙ አሳይታችሁኛል፣ ብዙ ጋብዛችሁኛል። እግዜር ይስጥልኝ የምልሽ ግን ስለዚያች ወንበር ነው። ፍቅራችሁን ያጽናላችሁ፤ ክፉ አይንካችሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ እሁድ ስትደውሉልኝ በአንድ ስልክ ደውሉልኝ።

እናትሽ