የኔ ንቦች፣ የኤርሲዶ ጭስ

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

አላነሳም አልኩት። የቀበሌያችን ጭቃ ሹም በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ በሀዲይኛ ጀመረና ሲናደድ ወደ አማርኛ ገባ። ሲናደድ ሁሌም አማርኛ ነው። “ቀፎዎችሽን አንሺ፤ ያንን አረም የዋጠውን ጠርዝም እረሺ። ጃንሆይ ይሙት፣ ይታረሳል!” አለኝ። አላነሳም። አላርስምም።

ከሳሼ ጎረቤቴ ኤርሲዶ ነው። ንቦቼ የባቄላውን አበባ እየመጠጡ ፍሬ ከለከሉት አለ። ቅዳሜ ሽማግሌ ይቀመጣል። ከተፈረደብኝ ቀፎው ይቃጠላል፣ ጠርዙ ይታረሳል። እምቢ ካልኩ ባለርስቱ መሬቱን ነጥቆኝ ለሌላ ጭሰኛ ይሰጠዋል። ሌላው ጭሰኛ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው። በንዴት ነው እንጂ በፍርሃት አይደለም።

ረቡዕ፣ መስከረም 21

ቀዝቀዝ ብዬ ላስበው።

ባሌ ሲሞት ይህ መሬት ምን ነበር? ቀይ፣ ደረቅ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ ወደ ወንዝ የሚወርድ። ገለባውን እያቃጠልን፣ ገብስ በገብስ ላይ እየዘራን አድክመነዋል። እኔ ማቃጠል አቆምኩ። ገለባውን እዚያው ተውኩት። የላሟን አዛባ በቅርጫት ተሸክሜ እንሰቱ ሥር ብቻ ሳይሆን እስከ እርሻው አደረስኩ። ከገብስ በኋላ ባቄላ ዘራሁ። በእንሰቱና በእርሻው መካከል ያለውን ጠርዝ ደግሞ ለአደይ፣ ለመጭና ለማገጥ ሣር ለቀቅኩላቸው። ሥሮቻቸው አፈሩን ይዘው አስቀሩልኝ። ሰዎቹ የሰነፍ መሬት አሉት። ይበሉ።

ከዚያ ወንድሜ ከዳምቦያ ቀፎዎቹን አመጣልኝ። ሴት ቀፎ አትሰቅልም ተባለ። እሺ፣ አልሰቀልኩም። እንሰቱ ጥላ ሥር ባላ ተክዬ አስቀመጥኳቸው። ስለ ማስቀመጥ የተናገረ የለም።

ንቦቹ ከጠርዙ አበባ ይበላሉ፣ ባቄላው ሲያብብ ወደሱ ይሻገራሉ። እነሱ ከመጡ ወዲህ ባቄላዬ እንዲህ ሲይዝ አይቼ አላውቅም። ባቄላው ደግሞ አፈሩን ያበረታል፤ በተከታዩ ዓመት ገብሱን ያየ ያውቀዋል። ከነዚህ አንዱን ንቀይ ሲሉኝ ሁሉንም ንቀይ ማለታቸው ነው። ይሄን ለጭቃ ሹም እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ዛሬ ክው አልኩ። በኤርሲዶ ድንበር በኩል ያለውን የራሴን ባቄላ አየሁት። ባዶ! አበባው ረግፏል፣ ዘንጉ ላይ ምንም የለም። ልክ እንደሱ።

ወይ ጉድ፣ ሰውየው እውነቱን ይሆን እንዴ? እራትም አልበላሁ።

ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም። ለቀፎው የቀረበው ባቄላ ሞልቶ ሳለ ከቀፎው የራቀው ለምን ባዶ ሆነ? ንብ አጥፊ ብትሆን አጠገቧ ያለውን ነበር የምትጨርሰው።

ዓርብ፣ መስከረም 23

አገኘሁት!

ፀሐይ ሞቅ ሲል ድንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ኤርሲዶ እንደ ልማዱ ጭሱን ለኮሰ። ባቄላው ማበብ ከጀመረ አንስቶ ንብ ለማባረር በየቀኑ ኩበትና እርጥብ ገለባ ያጨሳል። ነፋሱ ጭሱን ወደኔ ዳርቻ ይዞት ይመጣል። ንቦቼ እስከዚያ ይመጡና ይመለሳሉ። አንዷም አልገባችም። ጭሱ የደረሰበት ሁሉ ባዶ፣ ያልደረሰበት ሁሉ ፍሬ።

ያባረረው የገዛ ፍሬውን ነው! ባጨሰ ቁጥር ባቄላው ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሲሆንበት ንቦቼን ይረግምና የባሰ ያጨሳል። ያ ሁሉ ኩበት ደግሞ አፈሩ ውስጥ መግባት የነበረበት ነው። የኔ አዛባ ወደ መሬት፣ የሱ ወደ ሰማይ። ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥሎ አዘንኩለት፤ ልጆች አሉት። ቀጥሎ መሬቴን እንደሚፈልግ ትዝ አለኝና ማዘኑን ተውኩት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ሽማግሌዎቹ ከገበያ በፊት ዝግባው ሥር ተሰበሰቡ። “ከመፍረዳችሁ በፊት ተነሡና እርሻውን እዩ” አልኳቸው። አንዱ፣ ሴት ሆና ሽማግሌ ታስነሳለች እንዴ ብሎ ተቆጣ። ከሁሉም ትልቁ አያ ሎምቤ ግን “እኔ እንደሆነ እግሬ ደንዝዟል፣ እንሂድ” ብለው ተነሡ። ዕድሜ ይስጣቸው።

ከባቄላዬ መካከል አንድ ዘንግ ነቀልኩ፤ ከዳር አንድ ነቀልኩ። ጎን ለጎን አሳየኋቸው። ኤርሲዶ፣ የመካከሉ ያፈራው አዛባ ስለምታፈስበት ነው አለ። “ዳሩም ያው አዛባ፣ ያው ዘር ነው። የተጨመረበት ያንተ ጭስ ብቻ ነው” አልኩት። አያ ሎምቤ እሸቱን እየፈለፈሉ፣ ንብ ከጨረሰችው ይሄ ከየት መጣ አሉ።

ጭቃ ሹሙ ግን ጠርዙ ይታረሳል ብሎ በጃንሆይ ምሏል፤ መመለስ ሞት ሆነበት። ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ሆነ፤ ቀፎው ይቆይ፣ ጠርዙ ግን ሰኞ ይታረስ። አራሹም ኤርሲዶ!

ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ንቧ ትኑር፣ ምግቧን ውሰዱባት። ባቄላው አበባውን ሲጨርስ ምን ልትበላ ነው? ጥላኝ ትሄዳለች፣ ከርሞ እኔም እንደ ኤርሲዶ ባዶ ዘንግ ልቆጥር። አልቀበልም ብዬ ወጣሁ። ሆሳዕና ገበያም አልወጣሁ፤ ቅቤዬ እንደተቀመጠ ነው።

እሁድ፣ መስከረም 25

ጸሎት ቤት። ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ። ሰባኪው ስለ መታዘዝ አስተማረ፤ ለማን እንደሆነ ገብቶኛል።

ስንወጣ የኤርሲዶ ሚስት ሳራ ከኋላዬ ደረሰችብኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ “አየለች፣ የጭሱ ነገር እውነት ነው?” አለችኝ። ነገ ቀትር ላይ መጥተሽ በዓይንሽ እዪ አልኳት። ነገማ በሬ ይጠመዳል ብላ ፈጥና ሄደች።

ፈርቻለሁ። ለዚህ ወረቀት ብቻ ነው የምናገረው። መሬቱን ቢነጥቁኝ የት እገባለሁ? ዳምቦያ ሄጄ የወንድሜን ሚስት ፊት እያየሁ ልኑር? ወይስ የባሌን ወንድም ላግባ? እሱን ባሌ የሞተ ሰሞን እምቢ ብያለሁ፣ አሁንም እምቢ ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 26

ተቀመጥኩ። ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ኤርሲዶ በሬዎቹን ጠምዶ ሲመጣ ጠርዙ መካከል፣ አደዩ ውስጥ ተቀምጬ አገኘኝ።

ተነሺ አለ። አልነሣም አልኩ። አርስሻለሁ አለ። “እረሰኝ! አዛባ እሆንልህና ገብስህ ያምርልሃል” አልኩት። ጅራፉን አነሣ። አልተነሣሁም።

ጭቃ ሹሙን ጥሩልኝ እያለ ሲጮህ ሳራ እንስራ አዝላ በድንበሩ በኩል መጣች። ለሱ ውሃ ያመጣችለት መስሎኝ ነበር። ቀጥ ብላ ሄዳ እሱ ለኩሶት የመጣው ኩበት ላይ ደፋችው። ከዚያ እንስራዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

ኤርሲዶ፣ አንቺ ምን ነክቶሻል ሲላት፣ “ባቄላውን ያረምኩት እኔ ነኝ። ጫፉ ላይ ገና አበባ አለ፤ እሱን እንኳ ተውልኝ። ልጆችህ ጭስ አይበሉም” አለችው። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲህ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም። እሱም ከዚህ በፊት የሰማ አይመስለኝም።

ጅራፉን እንደያዘ ቆመ። በሬዎቹ አደዩን መብላት ሲጀምሩ ሁለታችንም ሳቃችን መጣ፤ ዋጥነው። በመጨረሻ ቀንበሩን ፈታ። በሬዎቹን ነድቶ ሄደ።

ጭቃ ሹሙ ነገ ይመጣል አሉ። ምን እንደሚያደርገን አላውቅም። ሳራም ቤቷ ገብታ ምን እንደጠበቃት አላውቅም፤ እሱ ያሳስበኛል። ስትሄድ ግን ነገም እመጣለሁ ብላኛለች። ጠርዙ እንደሆነ ሰፊ ነው፤ ሌላ ሴት ብትመጣም ቦታ አይጠባትም።