ስድስት መቶ ሰዓትና አንድ ፊርማ

ለተከበሩ የኦንላይን ዩኒቨርሲቲያችን የክሊኒክ ልምምድ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም፣ በተለይም ወገብዎ፣ ደህና መሆናችሁን ተስፋ አደርጋለሁ። ስምዎን ያልጠቀስኩት ከንቀት ሳይሆን፣ ደብዳቤዎችዎ ሁሉ የሚመጡት መልስ ከማይቀበል ኢሜይል ስለሆነ ነው። በአማርኛ መጻፌንም ይቅር ይበሉኝ፤ በእንግሊዝኛ የላክኋቸው አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ስላልተነበቡ ቋንቋው ለውጥ እንደማያመጣ ተረድቼ፣ ቢያንስ የአትላንታ ወገኖቼ ያንብቡት ብዬ ነው።

እኔ ተናኘወርቅ ገሠሠ የፓይን ሌክ ነዋሪ ስሆን፣ ማሪዬታ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ በነርስነት እሠራለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሕመምተኛ ሳነሳና ሳገላብጥ ወገቤ አልቋል። የነርስነት ዲግሪዬን በእናንተው ዘንድ በኦንላይን ስጨርስ፣ ቀጥዬ ነርስ ፕራክቲሽነር ብሆን ተቀምጬ እመረምራለሁ፣ መድኃኒት አዛለሁ፣ ሰው መሸከም ይቀርልኛል ብዬ ተመዘገብኩ። ምስጋናዬን በቁጥር ያደረግሁት ለመዝገብ ቤትዎ እንዲያመች ነው።

1ኛ፦ በማስታወቂያችሁ «ከመጀመሪያው ቀን እስከ ምረቃዎ አብረንዎት ነን» ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ። ክሊኒክ ውስጥ ስድስት መቶ ሰዓት የሚያሠለጥነኝንና የሚፈርምልኝን ባለሙያ ራሴ ፈልጌ ማምጣት እንዳለብኝ የነገራችሁኝ በሦስተኛው ዓመት መሆኑ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰላም እንድማር ረድቶኛል።

2ኛ፦ ከተማውን ስላሳያችሁኝ። በእረፍት ቀኖቼ ፎልደሬን ይዤ ከሚድታውን እስከ ማሪዬታ አርባ ሦስት ክሊኒክ ገብቻለሁ። ሁሉም በትሕትና መለሱኝ፤ አንዷ እንግዳ ተቀባይ እንዲያውም አረማመዴን አይታ ታማሚ መስያት ወንበር ሰጠችኝ።

3ኛ፦ ይህኛው ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ዲግሪዬን ያገኘሁ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን የምስጋና ፕሮግራም አዘጋጅታልኝ ነበር። የራሳቸው ክሊኒክ ያላቸው ዶክተር አክሊሉ ማይክ ተቀብለው «እህት ተናኘ፣ ከዛሬ ጀምሮ ክሊኒኬ ቤትሽ ነው» አሉ፤ ጉባኤውም እልል አለ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቃል የሚሰጠው ለምርቃት እንጂ ለውል አይደለም፤ እኔም ስንቱን ሰው ቤቴ ቤትህ ነው ብዬ ሸኝቻለሁ። የአሠልጣኜን ስም ሞልቼ የምልክላችሁ ቅጽ ማስረከቢያ ቀን ደርሶ ሌላ በር ሲጠፋ ግን የእሳቸውን ስም ጻፍኩ። አስቀድሜ ያልጠየቅኋቸው፣ በሰው ፊት ቃል ከሰጡ በኋላ ደግሞ መጠየቅ እሳቸውን አለማመን ይሆንብኛል ብዬ ነው። ይህ ይሉኝታ ይባላል፤ ቅጻችሁ ላይ ቦታ የለውም። እናንተ ስትደውሉ የክሊኒኩ ጸሐፊ ስሜን ሰምታ እንደማታውቅ ተናገረች። እውነቷን ነው።

4ኛ፦ ለአሥራ አንድ ደብዳቤ አንድ መልስ ያጣው ክፍልዎ፣ ይህን ባወቀ በማግስቱ ሐሰተኛ መረጃ አቅርባለች ብሎ ስላሰናበተኝ ቅልጥፍናውን አደንቃለሁ። ጥፋቴን አልክድም። መዝገቤ ላይ ስለተጻፈ ሌላ ትምህርት ቤትም አልተቀበለኝም፤ ይግባኝ የሚባልበት አድራሻም ያው መልስ የማይቀበለው ነው። ዶክተር አክሊሉ ዛሬም እሑድ እሑድ እጄን ጨብጠው ትምህርት እንዴት ነው ይሉኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ከዚያ ሰኞ ተመልሼ ሰው አነሳለሁ። እስከ መቼ እንደምችል አላውቅም፤ ከዚህ በኋላ የማስበውም ነገር የለኝም።

ለክፍልዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ምቾት እየተመኘሁ፣ ቀና ማለት ስላቃተኝ ሳልቸገር ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ የቀድሞ ተማሪዎ፣

ተናኘወርቅ ገሠሠ
ፓይን ሌክ፣ ኦገስት 2017

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጀመሪያው ዓመት ስለጠየቃችሁኝ ነጭ ጋውን ለብሼ የላክሁላችሁ ፎቶ እስከ ዛሬ ድረ ገጻችሁ ላይ እየሳቀ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች አንዷ ሐምራዊት እሱን አይታ ባለፈው ሳምንት ተመዘገበችላችሁ፤ ሰው በተሰበሰበበት አቅፋኝ በእርስዎ በርትቼ ነው አለችኝ። እውነቱን መናገር ይሉኝታ ያዘኝና እስከ ምረቃሽ አብሬሽ ነኝ አልኳት። ያስተማራችሁኝ ከንቱ አልቀረም።