ስድስት ላይ የቆመው መርፌ

አያሌው ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ደብዳቤ በጤና ጥያቄ እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን በራሴ ተናድጄ ነው የተቀመጥሁትና በቀጥታ ልንገርህ።

ልጃችን ጎርጎራ ተድራ ሄዳለች። እኔም ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ የመሸንቲ ገበያ የእህል ንግዴን ተውሁት። ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ ከአየር ማረፊያው ጨረታ እየገዛህ ያጠራቀምኸውን የድሮ አውሮፕላን ዕቃ ላድስልህ ብዬ ሳጥኑን ከፈትሁ። ምነው ባልከፈትሁት! የአብራሪውን ኮፍያ በሳሙና አጠብሁት፤ የግንባሩ ጥላ ውስጥ ካርቶን መኖሩን ማን ነግሮኝ፣ ገንፎ ሆኖ ቀረ። የጣና እርጥበት ያዛገውን የቀበቶ ዘለበት በአመድ ብፈትገው ጽሑፉ አብሮ ለቀቀ።

ይሁን፣ በዚህስ ትስቅ ነበር። አውሮፕላን ምን ያህል ከፍ እንዳለ የሚያሳየውን የከፍታ መለኪያህን ግን እንዴት አድርጌ ልንገርህ?

ማኅበርተኞቻችን ቤታችን የተሰበሰቡ ዕለት አውጥተህ አሳየሃቸው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መርፌው ስድስት ላይ ቆሟል። ስድስት ሺህ ጫማ ማለት ነው አልህ። እኔ የእህል ነጋዴዋ፣ ሚዛኔ ባዶውን ስድስት ኪሎ ቢያሳይ ገበያተኛው ጸጉሬን ይነጨኝ ነበር፣ የኔ ባል ግን ውሸታም ሚዛን ገዝቶ ይኩራራል አልሁ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አንተ፣ ዕቃው ልክ ነው፣ ከፍ ብለን የተቀመጥነው እኛ ነን ብትል ሳቁ ባሰ። በጨርቅ ጠቅልለህ ሳጥኑ ውስጥ መለስኸው። ከዚያ ወዲያ ለሰው አሳይተኸው አታውቅም። ይቅርታ ልጠይቅህ እያልሁ ስንት ዓመት አለፈ፤ አፌ እንቢ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ዕቃህን አስተካክዬ ልክስህ ብዬ መርፌውን ዜሮ ላይ ላቆመው ተነሣሁ። ከሥሩ ያለችውን ማዞሪያ ቁልፍ ባዞረው ጥቂት ሄዶ ቆመ። በፒንሳ ጠመዘዝሁት። ቀጭ አለ። አሁን ዕቃው ባዘነበለ ቁጥር መርፌው ወዲያና ወዲህ ይወድቃል። ሰዓት ሠሪው ዘንድ ብወስደው፣ እማማ ይኸ እኮ ሰዓት አይደለም ብሎ መለሰኝ።

ትናንት ልጃችን ትታው የሄደችውን የጂኦግራፊ መጽሐፍ፣ ብቻዬን በለመድሁት ንባብ መስመር በመስመር ስከተል መልሱን አገኘሁት። የአገር ከፍታ የሚለካው ከውቅያኖስ ጠለል ተነሥቶ ነው። የምንኖርባት ባሕር ዳር ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ወደ ጫማ መነዘርሁት፤ ስድስት ሺህ ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

ከዕቃህ ሁሉ በሕይወት የነበረው፣ እውነቱን የሚናገረው መለኪያው ብቻ ነበር። በሕይወት ሳለህ አላመንሁህም፣ ከሞትህም በኋላ አላመንሁህም። የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

በሚመጣው ወር የማኅበሩ ተረኛ እኔ ነኝ። መለኪያውን እንደ ተሰበረ አወጣዋለሁ። ማን ልክ እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ሰበረው፣ ሁሉንም ፊታቸው ቆሜ እናገራለሁ፤ በሰው ፊት ያዋረድሁህን በጓዳ ይቅርታ አልክስህም። ይስቁብኝ ይሆናል፤ ይሳቁ። ከእንግዲህ ስላንተ በጠየቁኝ ቁጥር፣ ባሌ ልክ ነበር ብዬ ነው የምጀምረው።

ሚስትህ ትርንጎ