ሁለት ቀን በእስክንድርያ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 25፣ 2008

ዛሬም በረዶ። ከሥራ ስወጣ መኪናዬ አልነሳም አለች። ነርሲንግ ሆም አብራኝ የምትሠራው ባየሽ ከመኪናዋ ባትሪ ጃምፕ አደረገችልኝ። «ለዑምራ ስትሄጂ ለኔም ለምኚልኝ፤ ኦርቶዶክስ ናት ብለሽ እንዳትተዪኝ!» ትላለች። እሷ መቼም…

ሐሙስ እንነሳለን። አክረም ትኬቱን በካይሮ በኩል አድርጎታል። ስንመለስ እስክንድርያ ሁለት ቀን እናርፋለን። ባሕር ዳር በእግር መንሸራሸር፣ በቃ። ባልና ሚስት ከሆንን ጀምሮ ሁለታችን ብቻ የትም ሄደን አናውቅም። ልጃችንን እሽራቅን ጎረቤቴ ዙለይሃ ትይዝልኛለች።

እኔስ ኮምቦልቻ ሄጄ እማዬን ባያት ነበር የምመርጠው። ኩላሊቷ እያስቸገራት ነው። «ከጅዳ ቅርብ አይደል እንዴ?» አልኩት። «በሰመር፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከልጅቷ ጋር ተረጋግተን እንሄዳለን» አለ። እሺ አልኩ። መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ?

ዓርብ፣ ማርች 7 (እስክንድርያ)

ዑምራው በሰላም አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ። ከካይሮ በባቡር መጣን። ሆቴሉ ያረጀ ነው፤ ሊፍቱ እንደ ቁም ሳጥን ጠባብ። ግን መስኮቱን ስከፍት ባሕሩ ፊት ለፊቴ! ጮህኩ።

አክረም ደረጃው ላይ ስልክ ያወራ ነበር። ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል። «ማነው?» «የታክሲው ኢንሹራንስ ነው፣ ተዪው።» ምስኪን ባለታክሲ… እዚህ ድረስ እንኳን አይለቁትም። የኔን ስልክ ቤት ትቼው መጣሁ። እሰይ፣ ማንም አያገኘኝም።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

እግሬ ተላጠ። ግን ምን ዓይነት ቀን ነው! ከሆቴሉ ተነስተን ባሕሩን ይዘን እስከ ቃይትባይ ምሽግ በእግር። ንፋሱ ሻሼን ሊወስደው ነበር። ምሽጉ የተሠራው ድሮ ከፈረሰው የመርከብ መብራት ግንብ ድንጋይ ነው ይላሉ። ከዚያ ዓሣ ገበያ። ከዚያ አቡል ዐባስ መስጊድ ዙህር ሰገድን። ስኳር ድንች በጋሪ ላይ ጠብሰው በጋዜጣ ጠቅልለው ይሸጣሉ፤ አፌን አቃጠለኝ። ልብስ የተሰጣባቸው በረንዳዎች ሥር፣ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብተን ጠፋን። መጥፋት እንዲህ ደስ ይላል?

ይሄ ሰው ግን ምን ነካው? ሁልጊዜ ጥሎኝ የሚሮጠው ሰውዬ ዛሬ በኔ እርምጃ ሄደ። ቦርሳዬን ያዘልኝ። «ደከመሽ? እንቀመጥ?» ይለኛል። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ባል ዛሬ መጣ መሰለኝ።

የስልክ ሱቅ አየሁና ለእማዬ ልደውል አልኩ። ባሕሩን ልነግራት። «እኔ ቅድም ሞክሬያለሁ፣ የኢትዮጵያ መስመር አይሠራም» አለ። የቴሌ ነገር… ነገ እሞክራለሁ።

እሑድ፣ ማርች 9

መስመሩ ዛሬም የለም አለኝ። መግሪብ ላይ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ፣ ባሕሩ ዳር ተቀምጠን አይስክሬም በላን። እኔ ሁለት። እሱ ነው ድገሚ ያለኝ። እንዲህ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ሥራ ጀመርኩ። ባየሽ ብሬክ ላይ ሻይ ስንጠጣ ፎቶዎቹን አየች። «ሲያምር!» አለችና ቶሎ ተነሳች። ኮምቦልቻ ደወልኩ፤ ወንድሜ ዙሀይር አነሳው። «እማዬ ተኝታለች» አለኝ። ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ፣ ድምፁ ዘግቷል።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

እማዬ ሞታለች።

እሑድ፣ ማርች 16

ትናንት ፈጅር ሰግጄ ከመስገጃዬ ሳልነሳ በሩ ተንኳኳ። ዙለይሃ። ኋላዋ ጓደኛችን ኤዶሳና ሚስቱ። ባየሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ አለ? «ማነው? ማነው የሞተብኝ?» ብዬ ጮህኩ። አክረም ከኋላ ያዘኝ። አልደነገጠም። ቀድሞ ማወቁ ያን ጊዜ ገባኝ።

የሞተችው ባለፈው እሑድ ነው። መግሪብ ላይ። ኧረ እኔ ልሙት…

ሳምንቱን ሙሉ ሁሉም ያውቅ ነበር። መርዶውን ቅዳሜ ያደረጉት ሰው የሥራ ሺፍት ስለሌለው ነው አሉ፤ ብቻዬን እንዳላለቅስ። ደግ ናችሁ። አላህ ይስጣችሁ። እሽራቅን ክፍሏ ውስጥ አገኘኋት። «አይ ኒው፣ ማሚ። አይም ሶሪ» አለችኝ፤ እሷም ታውቅ ኖሯል። የገዛ ልጄን እንኳን አፏን አዘጓት!

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ዙሀይርን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። መቼ ነው የጠናባት? «ምን ያደርግልሻል?» አለ። «በአላህ ይዤሃለሁ» ስለው፣ «ዓርብ። ለአክረም ያኔውኑ ደወልኩለት። ካይሮ ከሆናችሁ ትደርሺባታለሽ ብዬ» አለ።

ዓርብ። የታክሲው ኢንሹራንስ!

በማግስቱ ብሳፈር በሕይወት አገኛት ነበር። ቅዳሜን ሙሉ ትናገር ነበር። እሑድም ትንሽ ትንሽ። «ዛሂዳ መጣች ወይ?» ትላለች። «ምን አላችኋት?» አልኩት። «አክረም፣ መንገድ ላይ ናት በሏት አለን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር።»

ለኔ መስመር የለም። ለሷ መንገድ ላይ ናት። ሁለታችንንም ሸወደን።

አፋጠጥኩት። «በሰው አገር ብትወድቂብኝ ምን አደርጋለሁ? ብትደርሺስ ታድኛታለሽ? አዝኜልሽ እኮ ነው!» አለ። «አዝነህልኝ ነው እናቴን የቀማኸኝ?» አልኩት። ቀስ ብሎ መራመዱ፣ ቦርሳዬን መያዙ… ባል መጣ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ለካ እየጠበቀኝ ነበር። እንደ እስረኛ። እማዬ ስትሞት እኔ አይስክሬም እየደገምኩ ነበር።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

አሁንም የምተኛው እሽራቅ ክፍል ነው። ከአክረም ጋር ወሬያችን «ምግብ ቀርቧል» እና «የመብራት ቢል መጥቷል» ብቻ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ወንድሙ ባህሩዲን ከአዲስ አበባ በቤት ስልካችን ደወለ። አባታቸው በድንገት ወድቀው ሆስፒታል ገብተዋል። መናገር አቅቷቸዋል፤ ሰው ግን ይለያሉ። «አደራሽን ዛሂዳ፣ ለሱ እንዳትነግሪው። መኪና ሲነዳ ይደነግጣል። ነገሩ ይለይና፣ ሰው ሰብስባችሁ ቀስ ብላችሁ…»

ዘግቼው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ይቅመሳት አልኩ። አዎ፣ ብዬዋለሁ፣ ምን ይደበቃል? ዝም ብል ማንም አይፈርድብኝም። ደግ ሚስት ነው የምባለው። ወላሂ፣ ለትንሽ ጊዜ ጣፈጠኝ። ግን ሽማግሌው ምን በደሉኝ? እሳቸውስ ማንን እየጠበቁ ነው?

የአክረምን ፓስፖርት ከመሳቢያ አወጣሁና ኤርፖርት ድራይቭ አደረግሁ። ታክሲዎቹ የሚሰለፉበት ቦታ ከሾፌሮች ጋር ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ የታረቅኩት መስሎት።

«አባትህ ወድቀው ሆስፒታል ናቸው። ባህሩዲን እንዳልነግርህ ለምኖኛል» አልኩት።

ሻዩ ከእጁ ወደቀ። ያ ሁሉ ሰው እያየው አስፋልቱ ላይ ዘፍ አለ። «እንዲህ ይነገራል? በመንገድ ላይ? ሰው የለም? ሽማግሌ የለም?» እያለ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አላባበልኩትም ግን።

ፓስፖርቱን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ተነስ» አልኩት። «ያንተ ገና በሕይወት አሉ።»